የበግ ጠጉር አይደንስም

ይድረስ ለክቡር አባ ዴክላን ሎፍተስ፣
የኪልብራካን ደብር አስተዳዳሪ፣ የደብሩ አዳራሽ ባለአደራ፣ የነፍሳችን እረኛ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ የበግ ጠጉር መጋዘን አከራይ፤
ማዮ፣ አየርላንድ።
ማርች 1969፣ በጾሙ እኩሌታ።

ክቡር አባታችን ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ይህ የማያባራ ካፊያ ጉልበትዎን አላስቸገረዎም? ሆድዎስ? በስተርጅና ከምድጃ ጋር አዲስ ትውውቅ መጀመርዎን ስለ ሰማሁ፣ እንቁላል የሚበስለው ውሃው ከፈላ በኋላ ጸሎተ ማርያም ሳይቸኩሉ ዐሥር ጊዜ ያህል እስኪደገም መሆኑን ባስታውስዎ እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። እኔ፣ ምንም እንኳ ጠይቀውኝ ባያውቁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ስሜ ከሐሳብዎ ጠፍቶ እንደሆነ፣ ዊኒፍሬድ ዱርካን እባላለሁ፤ የሟቹ አናጺ የኦስቲን ዱርካን ሚስት ነኝ። ላለፉት ዐሥር ዓመታት በደብሩ አዳራሽ በስተቀኝ ጥግ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ ለስላሳና ሻይ ስሸጥ ነው የኖርሁት። ሌሎች ሰዎች የእነዚህን ዐሥር ዓመታት ለውጥ በሬዲዮና በጋዜጣ ተከታትለውት ይሆናል፤ እኔ የተከታተልሁት ከባንኮኒው ጀርባ ሆኜ ነው። በአገራችን አንድ ወንድ ልጅ ከዳንስ በኋላ አንዲትን ልጅ «ለስላሳ ትጠጫለሽ?» ብሎ ከጠየቃት ስለ ጥሟ ተጨንቆ እንዳልሆነ፣ እርሷም «እሺ» ካለች ጠምቷት እንዳልሆነ ያውቃሉ። ስለዚህ በዚህ ደብር ማን ማንን እንደወደደ ከእናቶቻቸውም፣ ከእርስዎ የኑዛዜ ሳጥንም ቀድሜ የማውቅ ሰው ነበርሁ፤ ማወቄንም ለማንም አልሸጥሁም፤ የሸጥሁት ለስላሳውን ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ በአዳራሹ በር ላይ በሚስማር መትቼ በመለጠፌ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። በወግ በማዕረጉ ለአውራጃው ጋዜጣ ልኬው ነበር። አዘጋጁ ጨዋ ሰው ነውና ራሱ ድረስ መጥቶ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ፣ «ወይዘሮ ዱርካን፣ የጻፍሽው ሁሉ እውነት ነው፤ ግን እኔም ስሞት እዚሁ ደብር መቀበር እፈልጋለሁ» ብሎ መለሰልኝ። አልፈረድሁበትም። ለማንኛውም በሩ ከአሁን ወዲህ ሌላ ጥቅም የለውም።

በጾሙ የመጀመሪያ እሑድ፣ ከመንበሩ ላይ ሆነው ላሰሙን ቃል ምስጋናዬ እጅግ የበዛ ነው። «አዳራሹ በፋሲካ አይከፈትም» አሉን፤ «ለበግ ጠጉር ነጋዴ ተከራይቷል፤ በኪራዩም የቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ይታደሳል፤ ከበሮ የሚደልቅበት፣ ሴት ልጅ በአጭር ቀሚስ ጉልበቷን የምታሳይበት ዘመን አበቃ» አሉን። ቀኑን እንዴት በጥበብ እንደመረጡት ሳስበው እደነቃለሁ። በጾም ወራት በአገራችን ዳንስ ስለማይፈቀድ፣ ባንዶቻችን ሁሉ በየዓመቱ ከቅበላ ማግስት ባሕር ተሻግረው፣ እንግሊዝ አገር ላሉት ስደተኞቻችን ሲጫወቱ ሰንብተው ለፋሲካ ይመለሳሉ። የእኛው ባንድም በሰማያዊ ኮቱና ሱሪው፣ በዚያች በምታነጥስ መኪናው ተጭኖ ሄዷል። የሚከራከርዎት ወጣት ሁሉ ባሕር ማዶ እያለ ነው በሩን የቆለፉት። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚል ባለጌ ተረት አለ፤ እኔ ግን ይህን ለእርስዎ አልጠቅስም።

እንግዲህ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ አቤቱታዬን በቁጥር አድርጌ ላቅርብ፤ የተማረ ሰው ቁጥር ይወዳል ሲባል ሰምቻለሁ።

አንደኛ። አዳራሹን «የደብሩ ንብረት» ብለውታል፤ ልክ ነዎት። ድንጋዩን ከፈረሰው የባላባት ቤት እየጫነ ያመጣው የደብሩ ሰው ነው፤ ወለሉንም ሳንቃ በሳንቃ የገጠመው የእኔው ኦስቲን ነው፣ ያለ ዋጋ፣ ሳምባው እየከረከረው። ከእያንዳንዱ ዳንስ በፊት፣ ጫማ በደንብ እንዲንሸራተት፣ ሻማ እየፋቀ ወለሉ ላይ ይበትን ነበር። ሻማውን ከየት እንደሚያመጣው ጠይቀውት አያውቁም፤ ከመቅደሱ የተረፈ ጉራጅ ነበር። እንግዲህ የኪልብራካን ልጆች ለዐሥር ዓመታት የደነሱት በተባረከ ሰም ላይ ነው ማለት ነውና፣ ስለ ነፍሳቸው ያለብዎ ሥጋት በመጠኑ ይቀንስልኝ።

ከአዳራሹ በፊት የነበረውንም ዘመን እኔ አልረሳሁትም። እኔ የተዳርሁት በከብት ገበያ ቀን ነው። አባቴና የኦስቲን አባት ስለ ሁለት ጊደር ሲከራከሩ ውለው፣ ማታ «ዊኒ፣ ተጨርሷል» ተባልሁ። የቱ ነገር እንደተጨረሰ እንኳ ወዲያው አልገባኝም። ከባሌ ጋር መጀመሪያ የተነጋገርሁት የሠርጌ ዕለት ሲሆን፣ ያለኝም «ጫማሽ ይጠብሻል እንዴ?» የሚል ነበር። ጥሩ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ነገር ግን ጥሩ መሆኑ ዕድል ነው እንጂ ምርጫዬ አልነበረም። እኅቴ ያን ዕድል አላገኘችም፤ እርሷን የቀበሯት እርስዎ ስለሆኑ አልተርክልዎትም።

ሁለተኛ። ዳንሱን ለመጠበቅ በየእሑዱ ማታ መጥተው፣ የታጠፈ ጃንጥላዎን በጥንዶቹ መካከል በአግድሞሽ እያስገቡ ሲለኩ ላሳዩት ትጋት መላው ደብር ባለዕዳ ነው። ይሁን እንጂ ጃንጥላው የለካው ርቀቱን ብቻ ነው፤ የተፈጠረው ነገር ግን በርቀቱ ውስጥ አልነበረም። የእኛ ወንዶች ልጆች ምን ዓይነት ፍጡራን እንደሆኑ ያውቃሉ። ላም ስትታመም ለላሟ የሚያወሩት ብዙ ነው፤ ሴት ልጅ ፊት ሲቆሙ ግን ምላሳቸው ይታሰራል። «እወድሻለሁ» የሚለውን ቃል ከአባቶቻቸው አፍ ሰምተውት አያውቁም፤ አባቶቻቸውም ከአባቶቻቸው። ያን ቃል የሰሙት መጀመሪያ በሬዲዮ፣ ኋላም ከአዳራሹ መድረክ ነው። ልጁ ዝም ብሎ፣ እያላበው፣ እግሯን እየረገጠ ይደንሳል፤ ዘፋኟ ደግሞ እርሱ ሊለው የፈለገውን ሁሉ ትልለታለች። በዘፈን ጠበቃነት የተፈታው የስንቱ ምላስ እንደሆነ እኔና ለስላሳዬ እናውቃለን።

ሴቶቹም ተለወጡ። ከተማው ሸሚዝ ፋብሪካ ገብተው በራሳቸው ደመወዝ ብስክሌት ገዙ፤ መግቢያቸውንም ራሳቸው ከፈሉ። ዱሮ ከግድግዳው ሥር ተደርድረው እስኪጠየቁ የሚጠብቁት ልጆች፣ በእረፍት ሰዓት ከባንኮኒዬ ፊት ተሰብስበው መከራከር ጀመሩ። የፖስታ ቤቷ ጸሐፊ በማግባቷ ብቻ ከሥራዋ እንድትለቅ በተገደደችበት ሰሞን፣ አንዷ ለስላሳዋን አስቀምጣ፣ «ቆይ፣ ባሏም አግብቶ የለ? ለምንድነው እሱ የማይለቀው?» ስትል ሰማሁ። ሌላዋ «ዝም በይ፣ አባ ይሰሙሻል» ብትላትም፣ ሦስተኛዋ «ይስሙ! ከበሮው እየተመታ ምን ሊሰሙ ነው?» አለቻት። «ለምን?» የምትለዋ ቃል በእኛ ደብር እንደዚያ ቀን ጮክ ብላ ተነግራ አታውቅም። የዘፈኑ ትልቁ ኃጢአት ይህችን ቃል ማስገባቱ እንደሆነ ይሰማኛል፤ ከጉልበት መታየት ይልቅ እርስዎን ያሳሰበዎም ይህ ቢሆን አልገረምም።

ሦስተኛ አቤቱታዬ አጭር ነው። በሮም የተሰበሰቡት አባቶች ቅዳሴውን በምንሰማው ቋንቋ ካደረጉልን ወዲህ፣ ወጣቱ ረዳትዎ አባ ኮልማን ጊታር ይዘው በእሑድ ቅዳሴ ላይ ከልጃገረዶች ጋር ይዘምራሉ፤ እርስዎም ዓይንዎን ጨፍነው ይታገሡታል። ጊታሩ ከጃርላት የተዋሱት ነው፤ ጃርላት ማለት የባንዱ መለከት ነፊና ጊታር መቺ፣ እርስዎ «ጠጉራም አረማዊ» ያሉት ልጅ ነው። ቅዳሜ በአዳራሹ የረከሰው ጊታር እሑድ በመንበሩ አጠገብ እንዴት እንደሚቀደስ ቢያስረዱኝ፣ እኔም ራሴን እንደዚያ አድርጌ አነጻ ነበር።

አራተኛውን አሁን እዘለዋለሁ። የወይዘሪት ቤዴሊያ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ድፍረት እስካገኝ ይቆየኝ።

አምስተኛ። ጣሪያው። እርግጥ ነው ያፈሳል፤ በቅዳሴ ሰዓት በስተግራ በኩል እኔ ራሴ ላይ ነው የሚንጠባጠበው። ግን ልጠይቅዎ፤ የማያፈሰው ጣሪያ የሚጋርደው ማንን ነው? ባለፈው ገና ማግስት ሽማግሌው አንጥረኛ ሲሞት፣ እንደ አገራችን ወግ ሬሳው በስድስት ሰው ትከሻ እስከ ኮረብታው መቃብር መሄድ ነበረበት። ስድስት ትከሻ ከየት ይምጣ? የሟቹ ልጆች በርሚንግሃም፤ የጎረቤቱ ልጆች ለንደን፤ እዚህ የቀሩት ወይ ሽማግሌ ወይ ወገቡ የማይታዘዘው። ሬሳው ደጅ ላይ እያለ፣ ከሌላ አውራጃ ሲጫወቱ አድረው የሚመለሱት የባንዱ ልጆች መኪናቸውን አቁመው ወረዱ። እንቅልፍ በዓይናቸው ሳይዞር፣ መለከትና ከበሮአቸውን መኪናው ውስጥ ትተው፣ በዚያው በሰማያዊ ልብሳቸው ተሸክመው አወጡት። ጃርላት ከፊት በስተቀኝ ነበር። እርስዎ መጽሐፍዎን እያነበቡ ከፊት ከፊት ይሄዱ ስለ ነበር፣ ወደ ኋላ ዞር ብለው ተሸካሚዎቹ እነማን እንደሆኑ ላያዩ ይችላሉ። እኔ ከኋላ ነበርሁና አይቻለሁ። ጣሪያውን ለማዳን ሲሉ ሰዉን ማጣትዎ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው እንዳይሆን እፈራለሁ።

አሁን ወደ ዘለልሁት ወደ አራተኛው ልመለስ።

የቅበላ ማክሰኞ ዕለት፣ ከጾሙ በፊት የመጨረሻው ዳንስ ላይ፣ አዳራሹ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። ወንዶቹ በአንዱ ግድግዳ፣ ሴቶቹ በሌላው፣ እርስዎም ከነጃንጥላዎ በመካከል። የባንዱ ዘፋኝ ከመድረኩ ላይ፣ «አሁን የሴቶች ምርጫ ነው! ወንዶች፣ ወዴትም አትሽሹ፤ በሩን አስይዣለሁ» ብላ አወጀች። በሴቶች ምርጫ ጊዜ የተጠየቀ ወንድ እምቢ ማለት ነውር መሆኑን ለእርስዎ መንገር አያሻኝም። ሻይ በማቅረብ ትረዳኝ የነበረችው ወይዘሪት ቤዴሊያ፣ የእርስዎን ቁርስ፣ ምሳና ራት ስታዘጋጅ ጠጉሯ የሸበተው ቤዴሊያ፣ ሽርጧን ፈትታ ባንኮኒው ላይ አጥፋ አኖረችው። «ዊኒ፣ ይችን ያዥልኝ» አለችኝ። ወዴት እንደምትሄድ አልገባኝም ነበር። ያንን ወለል ብቻዋን አቋርጣ፣ ለቤትዎ ማገዶ የሚያመላልሰው ወንደላጤው ፌስቲ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ፌስቲ» አለችው፣ «ሃያ ዓመት ሙሉ በጓሮ በር ቆመን ስለ ዝናብ አወራን። አሁን ዝናቡን ተወውና ተነሥ።»

«ቤዴሊያ፣ እኔ እኮ መደነስ አልችልም» አላት።

«እኔስ መች ችዬ አውቃለሁ?» አለችው።

ተነሣ። ጃንጥላዎን ይዘው ሲጠጉ አይቻለሁ፤ በሁለቱ መካከል ሁለት ጃንጥላ የሚያስገባ ቦታ ስለ ነበር ምንም ሊያደርጉ አልቻሉም። ዘፈኑ ሲያልቅ ፌስቲ ወደ ባንኮኒዬ መጣ። ፊቱ እንደ አመድ ሆኖ፣ «ሁለት ለስላሳ» አለኝ። አዳራሹ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ፤ ትርጉሙን የማያውቅ ማን አለ? እኔም፣ እንባዬን በሽርጥ መጥረጌ ያስተዛዝበን ይሆናል እንጂ፣ ቤዴሊያ ባኖረችው ሽርጥ ጠረግሁ። በማግስቱ፣ የጾም መያዣው ረቡዕ፣ እንደ ሥርዓታችን ግንባሯን አመድ ተቀብታ፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ከእርስዎ ቤት ወጣች። ሠርጓ ለፋሲካ ማግስት ነው። አዳራሹ የተዘጋው ደግሞ በዚያው ሳምንት እሑድ።

ክፉ አፍ ያላቸው ሰዎች እነዚህን ሁለት ነገሮች ያያይዟቸዋል። እኔ በፍጹም አላምንም። ዔሳው እንኳ ብኩርናውን የሸጠው ለሙሉ ወጭት ምስር ወጥ ነው፤ አንድ የደብር አስተዳዳሪ የመንጋውን ወጣት ሁሉ ለአንድ ቅቅል እንቁላል ይለውጣል ብሎ ማሰብ ነውር ነው። ወሬውን ለሚያወሩት ሁሉ እንደዚህ እያልሁ እየመለስሁላቸው ነው፤ ሲስቁ ግን አላስቆማቸውም።

ክቡር አባታችን፣ እስካሁን ያላልሁት አንድ ነገር አለ፤ ስሸሸው ቆይቼ አሁን ደረስሁበት። ያቺ ከመድረክ ላይ «የሴቶች ምርጫ» ብላ ያወጀችው ዘፋኝ፣ ጉልበቷን አሳየች ብለው በስም ሳይጠሩ ያወገዟት፣ አትራክታ ናት። የእኔ ልጅ። የቀረችኝ ልጅ።

ከእርሷ በላይ አምስት ነበሩኝ። አዳራሹ ከመሠራቱ በፊት፣ በእነዚያ ባዶ ዓመታት፣ አንድ በአንድ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘኋቸው። ከአምስቱ የመጨረሻው ባቡሩ ሲነሣ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «እማ፣ ምን ላድርግ? እዚህ እኮ መሽቶ ከመንጋቱ በቀር ምንም ነገር የለም» አለኝ። ባቡሩ ኮረብታውን እስኪዞር እጄን አወዛወዝሁለት። አሁን ሁሉም እንግሊዝ አገር፣ ኮቨንትሪ ከተማ ናቸው፤ የገና ካርድና የልጅ ፎቶግራፍ ይልካሉ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። አትራክታ ግን ቀረች። የቀረችው ለእኔ ብላ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ራሴን አላታልልም። የቀረችው አባቷ የሠራው ወለል፣ ሰባቱ ጓደኛሞች የመሠረቱት ባንድ፣ ቅዳሜና እሑድ የሚጠብቃት ሕዝብ ስለ ነበራት ነው። መሽቶ ከመንጋቱ ሌላ አንድ ነገር ስለ ነበረ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ፖስታ ቤት ስልክ ተጠርቼ ሄድሁ። የፖስታ ቤቷ እመቤት እንደ ልማዷ በሌላው ማዳመጫ ትከታተል ስለ ነበር፣ የምጽፈውን ሁሉ ምስክር አለኝ። «እማ» አለችኝ አትራክታ፣ «ይሰማሻል? ትናንት የተጫወትንበት አዳራሽ ከሰው ብዛት መግቢያ አልነበረውም። ግማሹ ኪልብራካን እዚህ ነው እኮ። ከመድረኩ ሆኜ ሳይ ወንድሞቼ ፊት ለፊት ተደርድረው ያለቅሳሉ፤ እኔ ደግሞ የደስታ ዘፈን ነበር የምዘፍነው!» ሳቀች። ቀጥሎ ድምፅዋ ተለወጠ። «እማ፣ እውነት ነው የሰማነው? አባ ሎፍተስ ዘጉት? የዚህ አዳራሽ ባለቤት ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ቆዩልኝ እያለን ነው። ጃርላት ሁለት ክፍል ቤትም አይቷል። እኔ ግን በፋሲካ እንመለሳለን ብዬ ይዤዋለሁ። እስከ ጸሎተ ሐሙስ ነው የሚጠብቀን። ይከፈታል ብለሽ ላኪብኝና ጥርግ ብለን እንመጣለን። ካልተከፈተ ግን እማ... ምን ልሁን ብዬ ልምጣ? ለበግ ጠጉር ልዘፍን?»

«ድምፅሽ ተዘጋ፣ እያለቀስሽ ነው?» አለችኝ።

«ጉንፋን ነው» አልኋት። የፖስታ ቤቷም እመቤት ጉንፋን ይዟት ነበር።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ስላቁ እዚህ ላይ አለቀብኝ። ለሽማግሌ ሴት ስላቅ የልብስ ያህል ነው፤ ብርዱን ይከላከላል፤ አሁን ግን አውልቄዋለሁ። በጾም ስንዘጋው በፋሲካ የሚከፈት መስሎን ነበር። ጾም ማለት ለእኛ እንደዚያ ነበር፤ የሚመለስን ነገር ለጊዜው መተው። ልጆቹም አምነውዎ ነው የሄዱት፤ የዕቃቸውን ግማሽ አዳራሹ ውስጥ ትተዋል፤ የአትራክታ ቀይ የመድረክ ጫማ አሁንም ከባንኮኒዬ ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ አለ። የሚሰደድ ሰው ጫማውን ትቶ አይሄድም። እርስዎ ግን ለጾም ወራት ብቻ የወጡትን ልጆች ስደተኛ አደረጓቸው።

አምስት ልጅ ሸኝቼ አንድም ቀን ደጅዎ መጥቼ አላውቅም። የሁሉም ዕጣ ነው ብዬ ቻልሁት። ስድስተኛዋን ግን አልችልም። ቤቴ ውስጥ ድምፅ የለም፤ ወንበሩን ስገፋው የራሴ ወንበር ያስደነግጠኛል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ እኔ አልቅሼ ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ መለመን ነው። ከፈለጉ ቀሚሷን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ላስረዝመው፣ በእጄ እሰፋዋለሁ። ጃንጥላውን ሁለት ያድርጉት። መብራቱን ሁሉ ያብሩት። ዳንሱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይለቅ። እንቁላልዎንም እኔ በየማለዳው መጥቼ እቀቅላለሁ፤ ይህ ቀልድ አይደለም፤ እድሜዬን ሙሉ እቀቅላለሁ። «ይከፈታል» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ይስጡኝና ወደ ኮቨንትሪ ልላክ። የበግ ጠጉር የትም ይቀመጣል፤ ቃሬዛ አይሸከም፣ ልጅ አይወልድ፣ እማ ብሎ አይጠራ።

በትሕትና፣ በአክብሮት፣ በጉልበቴ ተንበርክኬና በእርጥብ ካፖርት፣ የቅዱስነትዎን ቡራኬ እየለመንሁ፣ በዚህ በር ላይ ላጠፋሁት አንድ ሚስማርም አስቀድሜ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣

ከመንጋዎ የቀረሁት፣ ጠጉሬ የማይሸለተው በግ፣
ዊኒፍሬድ ዱርካን
ከባንኮኒው ጀርባ

ማሳሰቢያ፦ እርስዎና እኔ በአንድ ዓመት እንደተወለድን ከመቃብር ጠባቂው ጋር ስንጨዋወት ተረዳሁ። ከሁለታችን ማን እንደሚቀድም እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ ብቀድም ችግር የለብኝም፤ ቀላል ነኝ፤ ፌስቲና ቤዴሊያ እየጎተቱም ቢሆን ያወጡኛል። እርስዎ ግን፣ እግዚአብሔር ይባርክዎ፣ ከበድ ይላሉ፤ ስድስቱም ትከሻዎች ከጸሎተ ሐሙስ በኋላ ኮቨንትሪ ናቸው። ስለዚህ አስቤልዎ የበግ ጠጉር ነጋዴውን ጠይቄዋለሁ፤ ጋሪ አለኝ ብሏል። ዘወር ብለው ቢያዩ የሚከተልዎ ሰው ባያገኙም፣ ከሥርዎ ጠጉር ስለሚነጠፍ ምቾት አያጡም።